አቶ መዶሻ

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ተረኛ ነኝ። ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። ሦስተኛ ፎቅ በእግር... ጉልበቴ የእማዬን ጉልበት መምሰል ጀምሯል። የጋዜጣው ቢሮ ባዶ ነው፤ አንዱ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ሄዶ ማራገቢያው ብቻውን ያጉረመርማል። ሻይ የምታፈላው ሴትዮም ቅዳሜ አትገባም።

ዓምዴ ወጥቷል። «እነሱም ነበሩ» የሚለው ርዕስ፣ ከጎኑ የዛሬ አምስት ዓመቱ ፊቴ። ፎቶው ይቀየር ብል የሚሰማኝ የለም፤ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩም። የዛሬው ስለ ጥንት አሦር ነጋዴ ሚስቶች ነው። ባሎቻቸው አህያ ጭነው ሩቅ አገር ይነግዳሉ፤ እነሱ ቤት ሆነው ጨርቅ ያሠራሉ፣ ይልካሉ፣ «የሽያጩስ ነገር?» እያሉ በሸክላ ላይ ይጽፋሉ። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት! ነፃ ሴቶች ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ነበር።

ረፋዱ ላይ ስልክ። ገና ሳላነሳው አወቅኩ፤ የቅዳሜው ሰውዬ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልዘለለም። ወፍራም ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ ሲጋራ ያበላሸው።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ነዎት?»

እኔው ነኝ።

«ነፃ ያልሻቸው ሴቶች... ጨርቁን ሁሉ በገዛ እጃቸው ነበር የሚሠሩት? በየቤታቸው የነበሩ ባሪያ ሴቶችስ? እነሱን የት ጣልሻቸው?»

እንዲህ ነው እሱ። አንዴ እርስዎ፣ አንዴ አንቺ። ሰላምታው የጨዋ፣ ጥያቄው የተቆጪ። ንቀት አይደለም ትላላችሁ? (ለማን ነው «ትላላችሁ» የምለው?) መልስ ስሰጠው ዝም ይላል፤ ድምፄ ወደ እኔው ይመለሳል፣ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎኝ ነው። ከጀርባ ጩቅ ጩቅ የሚል ነገር... ወንበር ይሆን? «ቆይ... ቆይ...» ይላል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ። መጽሐፍ እያገላበጠ መሆን አለበት።

ጥያቄው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ

እማዬን ለዓይኗ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወረፋ፣ ወረፋ፣ ወረፋ። አግዳሚው ላይ ተደግፋኝ፣ «እነዚያን የሞቱ ሴቶች እንደምትጠይቂያቸው እኔንም በየሳምንቱ ብትጠይቂኝ ምን አለበት?» አለችኝ። አብረን ነው የምንኖረው እኮ! «አብረሽኝ ትኖሪያለሽ፣ መቼ ጠየቅሽኝ» አለች። አጠገባችን የነበረችው ሴት ሳቀች። ዓይኗ ደከመ እንጂ ምላሷስ ጤነኛ ነው።

ወረፋው ላይ የቀጣዩን ጽሑፍ በጭንቅላቴ ጨረስኩ። ሃትሼፕሱት። በጥንት ግብፅ ንግሥት ሳትሆን ንጉሥ ሆና የገዛች ሴት፣ ከሞተች በኋላ ስሟና ምስሏ ከግንብ ላይ የተፋቀ። ስለ እሷ ሳልጽፍ እስካሁን መቆየቴ...

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

ወጣ። «አልጋዋ ሳይቀዘቅዝ የእንጀራ ልጇ መዶሻ አነሣ።» ዓመቱን ሙሉ ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ይህን የሚያክል የለም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስታነበው አየኋት፤ እዚያ ቦታ ላይ ከንፈሯን መጠጠች። አንጀቴ ራሰ።

ከዚያ እሱ ደወለ።

«አልጋዋ ሳይቀዘቅዝ ያልሽው ልክ አይደለም። ሃያ ዓመት ግድም ቆይቶ ነው።»

«ቂም ይቆያል» አልኩት።

ጩቅ ጩቅ። ቆይ... ቆይ...

«ሃያ ዓመት ምስሏን አጠገቡ ሲያየው ኖሮ፣ ሊያረጅ ሲል የሚፍቀው ሰው ተናዶ ነው? ሌላ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳትፈልጊ ልጆቹን ማስለቀስ ብቻ ምን ያደርጋል?»

ልጆቹን? የትኞቹን ልጆች? ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ ለሴቶች ታሪክ ከእኔ በላይ መቆርቆርዎ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እኔ...» ሲል ዘጋሁበት።

አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ሙያ... ስንት ወንድ ነው ስለማላውቀው ነገር ያስረዳኝ? ስለማውቀውስ? የራሴን ዜና ለራሴ ያብራራልኝ አለ። ስለ ምጥ ያስረዳኝ አለ! አሁን ደግሞ ይሄ።

ጥቅምት 13፣ እሑድ

ትልቁን መጽሐፍ አወረድኩ። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩት።

ልክ ነው። የተፋቀው በእንጀራ ልጇ የንግሥና ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ለምን እንደቆየ አጥኚዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ለልጁ ዙፋን እያመቻቸ ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ዘጋሁት። መልሼ ሰቀልኩት። ምን ለውጥ አለው? ስሟ መፋቁ አልቀረ። በማግስቱም ሆነ በሃያ ዓመቱ... እማዬ ለምሳ ጠራችኝ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብዬ ተነጫነጭኩባት። ጨው አልበዛበትም ነበር።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ

በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ርዕሱ «አቶ መዶሻ»። እንዲህ ይጀምራል፦ «በየሳምንቱ የሚደውልልኝ አንድ ሰው አለ። የጥንቱ ንጉሥ መዶሻውን በውርስ የተወው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ሴት ስሟን በድንጋይ ላይ ጻፈች ሲባል፣ ድንጋዩ ይህን ያህል ውፍረት አልነበረውም ይላል። ሴት ነገሠች ሲባል፣ ሰዓቱን ይጠይቃል...»

ብቻዬን ስቄ ሞትኩ። ስለ ሃያ ዓመቱ አንድ ቃል የለበትም። አስታወስኩት? አዎ። ታዲያ? ቀልድ ነው፣ ቀልድ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ አይገባም።

ዋናው አነበበው። (ዋና አዘጋጁን ሁላችንም ዋናው ነው የምንለው፤ እሱም ያውቃል፣ ይወደዋል።) ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ስንት ጊዜ ነው ይሄን ስጪኝ ያልኩሽ!»

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ! ስልኩ አላርፍ አለ። ሴቶች እየሳቁ ይደውላሉ፤ እያንዳንዷ የራሷ መዶሻ አላት። የአንዷ አጎቷ ነው፣ የአንዷ አስተማሪዋ፣ የአንዷ ሐኪሟ። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጋዜጣውን እያነበበ ነው፤ ራሱን አላወቀም» አለችኝ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

እሱ አልደወለም። እሰይ።

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ለወንድ ጓደኛዋ፣ «እባክህ አቶ መዶሻ አትሁንብኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ልጁም ምን እንደሆነ ያውቃል! ወደ መስኮቱ ዞሬ ፈገግታዬን ዋጥኩ። ቃል ከእጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲሄድ ማየት... ለዚህ አይደል የምንጽፈው?

ዋናው ጠራኝ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሙሉ ገጽ። በየሳምንቱ አንድ የወንድ ዓይነት እንድስልለት ይፈልጋል። «የሞቱትን ቀንሺ፣ በሕይወት ያሉትን ጨምሪ» አለኝ። እሺ አልኩት። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ስልኩ ዛሬም አልጮኸም። የእሱ ማለቴ ነው። ሌላው ሁሉ ይጮሃል።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ

እማዬ ዓይኗ ስለደከመ ጽሑፉን አንብቢልኝ አለች። ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲያወሩት እሷ ብቻ ቀርታለች። አነበብኩላት። ሳቀች፣ ጉልበቷን መታች። ከዚያ፦

«ሰውየው ግን ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፣ እማዬ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ እሱን ነው።»

ማጠቢያው ላይ ዕቃ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ለምን ሐሰት አልነገርኳትም? ለምንስ እውነቱን? ዕቃውን ሁለቴ አጠብኩት።

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ክው ብዬ ቀርቻለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከምሳ በፊት ጥበቃው ደውሎ፣ «አንድ ሽማግሌ ይፈልግሻል» አለ። ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ስሙን ስጠይቀው በሩ ላይ እንደቆመ፣ «አቶ መዶሻ ነኝ» አለኝ። ያ ድምፅ! ሰውየው ግን ከድምፁ በጣም ያንሳል። ቀጭን፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ተነሣሁ። እሱ ግን ለጠብ አልመጣም።

«ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለ።

አስቀመጥኩት። ከራሱ ጋር እየታገለ አወራ። አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። ስለ ጥንት ታሪክ የሚያውቀው ነገር የለም። የምታውቀው ባለቤቱ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማረች። ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ንግግሯም ጠፋ። ጭንቅላቷ ግን፣ «ጭንቅላቷ ያው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል» አለ። በግራ እጇ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ እሱ ያነብላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔን ዓምድ አንብባ ጥያቄ ትጽፋለች፣ እሱ ደውሎ ያነበዋል።

ጩቅ ጩቅ የሚለው... ማርከሩ ነበር። አንቺ እያለች የምትቆጣኝም እሷ። «እርስዎ» የእሱ ነው፣ «አንቺ» የአስተማሪዋ። «ልጆቹ» ደግሞ ተማሪዎቿ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። ጮህኩበት መሰለኝ።

«'ማን እንደሆንኩ አትንገራት' ብላኝ ነው። 'ካወቀች ታዝንልኛለች፤ ካዘነችልኝ ደግሞ አትከራከረኝም' ብላ ጽፋ።»



ጽሑፉ ከወጣ ጀምሮ ማርከር አልነካችም። ምንም አትጽፍም። ውሃ ስትፈልግ እንኳ በጣቷ ታሳያለች፤ ምን እንደፈለገች ካልገባው ትተወዋለች። ሐኪሙ ካልጻፈች መጻፉም ይጠፋባታል ብሏል።

ከዚያ አቀርቅሮ ሌላ ነገር ጨመረ። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ወዳጆቹ መሐል፣ ጋዜጣ ቤት ደውዬ እንዲህ አልኳት፣ እንዲያ ብዬ ጠየቅኳት እያለ ያወራ ነበር። «ምሁር መሰልኳቸው። አይ፣ የሚስቴ ነው አላልኩም።» አሁን ሁሉም አቶ መዶሻ ይሉታል። «እሱስ የእጄን ነው። የእሷ ግን...»

ምን ላድርግልዎ አልኩት።

«ይምጡና ይከራከሯት» አለ።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም። ምን ብዬ?

መቃብር ተቆፍሮ ሰይፍ ሲገኝበት አፅሙን ሳያዩ «ወንድ» ብለው በጻፉ ሰዎች ላይ ስንት ጊዜ ተሳልቄያለሁ። ወፍራም ድምፅ ሰማሁ፣ እውቀት ሰማሁ፣ ወንድ ነው አልኩ። ሌላ ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም። ለአንድ ሰከንድ እንኳ!

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሄድኩ።

ምድር ቤት፣ የጋራ ግቢ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ መግባት። አልጋዋን ሳሎን አውጥተውታል፣ ከመስኮቱ ሥር። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ፤ መጻሕፍቱ ሁሉ ተማሪ እንደሚለብጠው በቡናማ ወረቀት ተለብጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ ሰማያዊ ማርከር፣ መጥረጊያ ጨርቅ። ሰሌዳው ንጹሕ ነው።

እሷ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ፀጉሯን አጠር አድርጋ የተቆረጠች ሴት ናት። በሩ ላይ፣ አርፍዳ የመጣች ተማሪ የሆንኩ ይመስል አየችኝ። ዓይኗ ስትሮክ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ረዥም፣ ያማረ ይቅርታ። ስለ ሴቶች፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ታሪክ... አፌ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ስብሰባ ላይ የምናገር ይመስል። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰውየው፣ «ሰምታለች፣ ሰምታለች» ይላል፣ ለእኔ አዝኖ።

ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ «የሃያ ዓመቱ ነገር ልክ ነዎት። መጽሐፍ አይቻለሁ» አልኩ።

ዞረች። ግራ እጇን አንሥታ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጠቆመች።

ገባኝ። መቼ? ነው ያለችው።

ልዋሽ እችል ነበር። ከልቤ አሰብኩት። ግን እንደዚያ እያየችኝ... «በደወላችሁልኝ ማግስት» አልኩ። ከመጻፌ በፊት ማለት ነው። አውቄ ማለት ነው።

ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ኮፍያውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «አውቀውት ነው እንዴ የጻፉት?» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ግራ ተጋብቶ ነው። ውሃ ሆንኩ።

ሻይ ላፍላ ሲል ተነሥቼ ወጣሁ። ገመዱ ላይ ያለ እርጥብ አንሶላ ፊቴን መታኝ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ለዋናው ነገርኩት። መናገሬን አልወደድኩትም፣ ግን እርማት ማውጣት አለብኝ፣ ያለ እሱ አይሆንም። ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ የምሬን ነው። ከዚያ ጮቤ ረገጠ።

«ወርቅ ነው! ወርቅ! ፎቶ አንሺ ይዘሽ ሂጂ። ሰሌዳዋን ታቅፋ፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ። 'ባሏ ድምፅ ሆነላት።' ሕዝቡ በእንባ ይታጠባል። ስህተቱንም በዚያው መሐል ጣል እናደርገዋለን፣ ማን ልብ ይለዋል?»

እጠይቃታለሁ አልኩት። እምቢ ማለት ሲገባኝ። ታክሲ ውስጥ የመጀመሪያው አንቀጽ በጭንቅላቴ ተጻፈ... ቆንጆ ነበር። ስለ እጇ ነበር። ቆንጆ መሆኑ አስጠላኝ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ዓምዴ የለም። በቦታው የጎማ ማስታወቂያ። «ጸሐፊዋ በሥራ ምክንያት» ይላል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ እነሱ ቤት ተመለስኩ። ዋናው ያለውን ነገርኳት፤ ፎቶውን፣ ርዕሱን፣ ሁሉን። «ሰው ይወድዎታል፣ ይረዳዎታል» አልኩ። እውነትም ይወዷታል።

ግራ እጇ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ወደፊት ጎንበስ አልኩ። ሰውየውም እንደዚያው። ማርከሩን አልፋ ጨርቁን አነሣች። ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ጠረገችው። ቀስ ብላ። ጥግ ጥጉን ሳይቀር።

«አይሆንም ማለቷ ነው» አለ ሰውየው።

«ገብቶኛል።»

ከዚያ ጭኔ ላይ ወደነበረው ጋዜጣ ጠቆመች። ሰጠኋት። ባንድ እጇ ገጽ ማገላበጥ ያቅታታል፤ ልረዳት ስል መዳፌን መታችው። ብቻዋን፣ በስንት ትግል፣ የዓምዴን ቦታ አገኘችው። የጎማው ማስታወቂያ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ደግማ ቀሰረች።

እዚያ ነው። ስህተቱን የጻፍኩበት ቦታ። ሌላ የትም አይደለም።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ እኔ ሆነ። ምን ያህል እንደተጸጸትኩ... ቀደድኩት። ሁለተኛው ስለ እሷ ሆነ፤ ያቺ እጅ ተመልሳ መጣች። ቀደድኩት። ሦስተኛው ስለ ንግሥቲቱ ነው፤ ምን ስህተት ጻፍኩ፣ እውነቱ ምንድን ነው፣ ከየት አገኘሁት፣ ስሰማው ምን አደረግኩ። ደረቅ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ደረቅ ጽፌ አላውቅም።

ዋናው፦ «እርማት ገጽ ሁለት ላይ ነው የሚወጣው። ከታች። ሁለት መስመር።»

«ስህተቱ ግማሽ ገጽ ነበር» አልኩት።

«ጋዜጣ ሲሳሳት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ እህቴ። ሙሉውን ዓምድ ከሆነ... ያኔ የዓምዱን ነገር እርሺው። የሚያምንሽ ሰው አይኖርም።»

ዛቻውን እችለዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ነው ልቤን የወጋኝ፦ «እነዚያ ከአንቺ ጋር የሳቁ ሴቶችስ? ነገ በየቤታቸው ይሳቅባቸዋል። አስበሽዋል?»

አስቤዋለሁ። ያቺ ባሏ አጠገቧ ሆኖ ጋዜጣ የሚያነብባት ሴት... እሱ ምን ይላት ይሆን? አልቀየርኩትም።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ወጣ። ዋናው «በራስሽ ጣት ዓይንሽን ውጊ» ብሎ ነው ያሳለፈው። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ «አቶ መዶሻ የሚባል ሰው የለም። ስህተቴን የነገሩኝ የታሪክ መምህርት ናቸው። ልክ መሆናቸውን አረጋግጬ ነው የቀለድኩባቸው። ወንድ ናቸው ብዬ የገመትኩት የሰማሁት ድምፅ የወንድ ስለነበር ነው።»

ስልክ። አንዷ «አሳፈርሽን» ብላ ዘጋችው፤ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ ያኔ ስትስቅ የነበረች ናት። አንዱ ሰውዬ እየሳቀ፣ «ሴት ታሪክ ስትጽፍ እንዲህ ነው!» አለኝ። ሌላው ለሚስቱ እያስተላለፈ ነበር፣ «ያቺ የምታመልኪያት ናት፣ ሰማሽ?» ይላል። የምትመልስለት ነገር አልተሰማኝም። እሷን ላናግራት አልኩት፤ ዘጋው።

ቀኑን ሙሉ «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» ስል ዋልኩ። ቁጭ ብዬ። አንድም አልዘጋሁም። ከእነሱ ቤት የደወለ የለም።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ገጹ ለጤናና ውበት ተሰጠ። እኔ ወደ ከተማ ዜና፤ የውሃ መቋረጥ፣ የመንገድ ጉድጓድ። ዋናው ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ። ፎቶዬን ከገጹ ላይ የነቀለችው የገጽ አቀናባሪዋ ናት፤ «በጣም ቆንጆ ነበርሽ እኮ» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። ነበርሽ!

እማዬ፣ «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ነሻ» አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ሳቅኩላት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። አምስት ዓመት። የማንንም ሚስት፣ የማንንም እናት ሳልል በስማቸው የጠራኋቸው ሴቶች... አሁን ማን ይጠራቸዋል? ለአንዲት ሴት ብዬ ሁሉንም አጣኋቸው? እሷስ ብትሆን መች ጻፈች?

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ሰውየው ጠዋት ወደ ቤት ደወለ። «ይምጡ፣ ትፈልግዎታለች» ብቻ። ቁጥሬን ከጥበቃው ተቀብሎ ነው።

ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ አልጋው ላይ አይደለም። ያለፈው ቅዳሜ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩ በሰማያዊ ማርከር ተሞልቷል። ማርከር! ሰሌዳውም ሙሉ ነው። ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩ እየወረደ ጥግ ላይ ይደርሳል። ሰውየው ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንደሚያነብ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ አነበበ፦

«ሃያ ዓመቱን አስተካክለሻል። ለምን ሃያ ዓመት እንደቆየ ግን አሁንም አልጻፍሽም። አስተካክለሽ ሸሸሽ።»

«አዎ፣ ግን... ዓምዱ የለም እኮ። ወስደውታል» አልኩ። የምታዝንልኝ መስሎኝ ነበር።

ጠረገችው። ጻፈች። ጊዜ ወሰደባት፤ መሐል ላይ እጇ ደክሞ አረፈች፣ ማንም አላገዛትም። ሰውየው አነበበ፦ «የት እንደሚወጣ አልጠየቅኩሽም።»

ወንበሬን ሳብኩ። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ተከራከርን። ለልጁ ዙፋን ሲያመቻች ነው አልኩ። ታዲያ አንዱን ምስል ፍቆ ሌላውን ለምን ተወው አለች። ሠራተኞቹ ደክሟቸው አልኩ። ሰነፍ ተማሪ እንደዚህ ነው የምትመልሰው አለች። ደክሟቸውም ሊሆን ይችላል እኮ! አልኩ ጮክ ብዬ። ሰውየው ከአንዳችን ወደ አንዳችን እየዞረ ያነባል፣ ይሳሳታል፣ ታርመዋለች። አላዘንኩላትም። ጊዜ አልነበረኝም፣ ልታሸንፈኝ ነበር።

ሻዩን ሲያቀርብ፣ «እኔም ፀጉር ቤት ሄጄ ነበር» አለ፣ ድንገት። ወደ እሷ እያየ። «ጋዜጣውን ይዤ። እነሱ እንደለመዱት 'አቶ መዶሻ' ሲሉኝ፣ አነበብኩላቸው። ያ ሁሉ ጥያቄ የእሷ ነበር፣ አንዱም የእኔ አልነበረም አልኳቸው። ፀጉር ቆራጩ ምላጩን ይዞ ዞረና፣ 'ታዲያ አንተ ምን ነበርክ?' አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ስልኩ አልኩት።»

ከእሷ በኩል አንድ ነገር ተሰማ። ዞርን። ግማሽ ፊቷ ይስቃል፣ ሌላው ግማሽ ባለበት ነው፣ ከጉሮሮዋ ግን ድምፅ እየወጣ ነበር። ሻካራ፣ የተሰባበረ፣ ወፍራም... የራሷ ድምፅ። ከዓይኗ እንባ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ አልቆመም። ሰውየው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀጥ አለ። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ አላየውም። ማናችንም ድምፁ እስካሁን የት እንደነበረ ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ሲያበቃላት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ጨርቁን አንሥታ የፈሰሰውን ሻይ ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ አዞረችው። ፊደሎቿን ራሴ ማንበብ ነበረብኝ፣ አስቸገረኝ፣ ጎንበስ አልኩ።

«መልሽልኝ እንጂ» ይላል።